የአሮጌ ባለ አራት ጎማ ነጂ መኪና ካርቡሬተር፦ እድሳትና ማስተካከል በዋግ ኽምራ

ካርቡሬተር በቤንዚን ሞተር ላይ አየርንና ነዳጅን በልክ አዋህዶ ለሲሊንደሮቹ የሚያቀርብ መሣሪያ ነው። ሞተሩ ሲስብ አየሩ ወገቡ በጠበበ ቱቦ ውስጥ ያልፋል፤ ጠባቡ ቦታ ላይ ፍጥነቱ ይጨምርና ግፊቱ ይወርዳል፤ የወረደው ግፊት ደግሞ ቤንዚኑን ከማጠራቀሚያው በትንሽ ቀዳዳ ስቦ ይረጨዋል። ይህን የፈሳሽና የአየር ጠባይ ጣሊያናዊው የፊዚክስ ሊቅ ጆቫኒ ባቲስታ ቬንቱሪ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አጥንቶታል፤ ነዳጅ የሚረጭ ካርቡሬተር የሠራው ጀርመናዊው ቪልሄልም ማይባህ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1893። ኤሌክትሮኒክ ኢንጀክሽን እስኪተካው ድረስ የዓለም አብዛኛው ቤንዚን መኪና በዚህ መሣሪያ ሲተነፍስ ኖሯል።

በኢትዮጵያ ደጋ ካርቡሬተር ተሸክመው የዘለቁት የገጠር መኪኖች በዋናነት ሦስት ናቸው። እንግሊዝ ሠራሹ ላንድሮቨር በ2,286 ሲሲ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተሩ ላይ መጀመሪያ ሶሌክስ፣ ቀጥሎ ዜኒት ካርቡሬተር ነበረው። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1984 የተመረተው የቶዮታ ላንድክሩዘር 40 ተከታታይ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ይዞ ሁለት በርሜል ያለው የአይሳን ካርቡሬተር ተገጠመለት፤ ሞተሩ በመጀመሪያ 3.9፣ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ 4.2 ሊትር ነበር። ሦስተኛው በደርግ ዘመን ከሶቪየት ኅብረት የመጣው ዋዝ ነው፤ 2.45 ሊትር ሞተሩ ዝቅተኛ ኦክቴን ባለው ቤንዚን እንዲሠራ የታሰበ ስለነበር ነዳጅ የማይመርጥ መኪና ሆኗል። ዛሬ በገጠር መንገድ የሚበዙት ላንድክሩዘሮች ናፍጣ ናቸው፤ ናፍጣ ሞተር ካርቡሬተር የለውም።

ከፍታና ድብልቅ

የዋግ ኽምራ ዋና ከተማ ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ 2,266 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ የአየሩ እፍጋት ደግሞ ወደ 80 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ ማንኛውም ቱርቦ የሌለው ሞተር፣ አዲስም ይሁን አሮጌ፣ አንድ አምስተኛ ጉልበቱን እዚያው ያጣል። በፋብሪካ ወረቀቱ 135 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት 4.2 ሊትር ላንድክሩዘር በሰቆጣ 108 ያህል ብቻ ቢያወጣ ሞተሩ አልደከመም።

የጉልበቱን መቀነስ መካኒክ ሊመልሰው አይችልም፤ የድብልቁን መዛባት ግን ይችላል። አየሩ ሲሳሳ ካርቡሬተሩ የሚስበው ነዳጅ በዚያው መጠን አይቀንስም። አየሩ 20 በመቶ ሲቀንስ ነዳጁ የሚቀንሰው በ10 በመቶ አካባቢ ነው፤ ድብልቁ ከሚፈለገው ከአሥር በመቶ በላይ በነዳጅ ይከብዳል። ለባሕር ወለል ተስተካክሎ ለአንድ ክፍል ቤንዚን 14.7 ክፍል አየር በክብደት ያደርስ የነበረ ካርቡሬተር በሰቆጣ 13 ገደማ ያደርሳል። ጥቁር ጭስ፣ ጥላሸት የለበሰ ካንዴላ፣ ሚኒሞ (ፔዳል ሳይረገጥ የሚዞርበት ፍጥነት) ላይ የሚንገዳገድ ሞተርና ቶሎ የሚያልቅ ቤንዚን የሚመጡት ከዚህ ነው። ከአላማጣ ተነስቶ በግራ ካሕሱ ጠመዝማዛ ወደ ኮረም፣ ከዚያም ወደ ሰቆጣ የሚዘልቅ መኪና ይህን ለውጥ በአንድ ጉዞ ያየዋል። አዲስ አበባ ላይ በትክክል የተስተካከለ መኪና ግን ሰቆጣ ሲደርስ ብዙ አይቸገርም፤ የሁለቱ ከተሞች ከፍታ ይቀራረባልና።

እድሳት

ካርቡሬተር የማይገባውን ወቀሳ በብዛት የሚሸከም ክፍል ነው። የሚንቀጠቀጥና የሚንተፋተፍ ሞተር ብዙ ጊዜ የተበላ ፑንቲና፣ የላላ የኤሌክትሪክ ሽቦ ወይም ልኩ የጠፋ ቫልቭ አለው። በላንድክሩዘሩ ሞተር የቫልቭ ክፍተት ሞተሩ ሞቆ ሳለ ለማስገቢያው 0.20፣ ለማስወጫው 0.35 ሚሊሜትር ነው፤ ይህ ሳይለካ ካርቡሬተር መፍታት ጊዜም ጓርኒሲዮንም ማባከን ነው። ቀጥሎ የአየር ሾልከት ይፈተሻል፤ በማኒፎልዱና በካርቡሬተሩ መካከል ያለው ጓርኒሲዮን ከተቀደደ ያልተለካ አየር ይገባል፣ ማስተካከያ ብሎን የቱንም ያህል ቢዞር አያድነውም።

እድሳቱ ራሱ የሚጀምረው በንጹሕ ጠረጴዛ ነው። ብዛታቸው የማይናቅ ጥቃቅን ክፍሎች አሉ፦ የብረት ኳሶች፣ ቀጫጭን ስፕሪንጎች፣ ጄት የሚባሉት ቀዳዳቸው በልክ የተበሳ የናስ ብሎኖች። በነዳጅ መጨመሪያው ፓምፕ ሥር ያለችው ትንሽ ኳስ ካርቡሬተሩ ሲገለበጥ ሳትታይ ትወድቃለች፤ እሷ ከጠፋች መኪናው ፔዳል ሲረገጥ ለአፍታ ይታፈናል። ከመፍታት በፊት የሊንኮቹንና የላስቲክ ቱቦዎቹን ቦታ በፎቶግራፍ ማስቀረት ዛሬ ማንም በስልኩ የሚያደርገው ነው፤ ከሁሉ በላይ የሚረዳውም ይህ ነው።

አካሉ በማጽጃ ተነክሮ ዝቃጩ ከለቀቀ በኋላ እያንዳንዱ መተላለፊያ በኮምፕሬሰር አየር ይነፋል። ጄትን በሽቦ መጎርጎር ግን ክልክል ሊባል የሚገባው ልማድ ነው። በሶሌክስና በዜኒት ጄቶች ላይ የተጻፈው ቁጥር የቀዳዳውን ስፋት በሚሊሜትር መቶኛ ይናገራል፤ 125 የተጻፈበት 1.25 ሚሊሜትር ነው። ሽቦ ናሱን ሲቧጭረው ያ ልክ ይጠፋል፣ ቁጥሩም ሐሰት ይሆናል። ከዚያ በኋላ የሚመጣ መካኒክ ሁሉ የሚያነበው የተሳሳተ መረጃ ነው።

የላንድሮቨሩ ዜኒት የራሱ የታወቀ ሕመም አለው። የላይኛውና የታችኛው አካሉ የሚገጥሙበት ገጽ ከሙቀትና ብሎንን ከልክ በላይ ከማጥበቅ የተነሳ ይጣመማል፤ በውስጡ ያለችው ክብ የላስቲክ ማኅተምም ትደርቃለች። ቤንዚኑ ያለ ጄት ቁጥጥር በስንጥቁ ይሾልካል፣ ሚኒሞው ይረበሻል፣ መኪናው ነዳጅ ይጨርሳል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ወፍራም መስታወት ላይ ልም የብርጭቆ ወረቀት ዘርግቶ ገጹን ቀስ እያሉ ማለስለስ፣ ማኅተሟን በአዲስ መተካት፣ ሲገጠም ብሎኖቹን በሰያፍ በየተራ በልኩ ማጥበቅ። ጥገናው የሚጠይቀው ትዕግሥት እንጂ ውድ መሣሪያ ስላልሆነ ከትልልቅ ጋራዦች ርቆ ላለ ባለ መኪና ይህን ማወቁ ትልቅ ነገር ነው።

በአይሳኑ ካርቡሬተር ፊት ለፊት ትንሽ ክብ መስታወት አለች፤ የነዳጁ ከፍታ በእርሷ መሐል ሲታይ ወደ ማጠራቀሚያው የሚገባውን ነዳጅ የሚቆጣጠሩት ተንሳፋፊውና መርፌ ቫልቩ ደኅና ናቸው። ነዳጁ መስታወቷን ከሞላ መርፌው አይዘጋም ወይም ተንሳፋፊው ተበስቶ ቤንዚን ጠጥቷል። ተንሳፋፊውን ሙቅ ውኃ ውስጥ ማጥለቅ ቀዳዳውን ያሳያል፤ አረፋ ይወጣል። በመጨረሻ የሚታየው የጉሮሮው በር የሚዞርበት ዘንግ ነው፤ ተበልቶ ከተንቀጠቀጠ በጎኑ አየር ይገባልና አዲስ ቡሺንግ ይፈልጋል። የእድሳት ዕቃ የሚባለው ጥቅል ይህን ክፍል አይዝም፤ አዲስ ጓርኒሲዮን ሁሉ ተገጥሞለት መኪናው ያልዳነለት ሰው መጀመሪያ ዘንጉን ይመልከት።

ማስተካከል

ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ፣ ቾኩ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ፣ የእሳቱ ሰዓት (ካንዴላው የሚፈነጥቅበት ቅጽበት) ከተስተካከለ በኋላ ነው ማስተካከያ ብሎኖቹ የሚነኩት። በ4.2 ሊትሩ ላንድክሩዘር የሚሠራበት ዘዴ ይህ ነው፦ በድብልቅ ብሎኑ ሞተሩ በጣም የሚፈጥንበት ቦታ ይፈለጋል፤ በፍጥነት ብሎኑ ዙሩ በደቂቃ 690 ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ የድብልቅ ብሎኑ ቀስ ብሎ ሲጠብቅ ዙሩ ወደ 650 ይወርዳል፤ እዚያ ይቆማል። ብሎኑን መቀመጫው ላይ አጥብቆ መጫን የመርፌውን ጫፍ ያበላሻል።

የቫኪዩም ጌጅ የሚጠቀም ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል። መጽሐፎቹ ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ከ18 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ያሳያል ይላሉ፤ ይህ ለባሕር ወለል ነው። በየ1,000 ጫማ (305 ሜትር) ከፍታ አንድ ኢንች ያህል ስለሚቀንስ በሰቆጣ ከ11 እስከ 14 ያለው ንባብ የጤና ምልክት ነው። ይህን ያልተገነዘበ ሰው ደኅና ሞተር አስፈትቶ ለማይገባ ወጪ ይዳረጋል። የኮምፕሬሽን ንባብም እንዲሁ ዝቅ ይላል፤ እዚያ መታየት ያለበት ከቁጥሩ ይልቅ የሲሊንደሮቹ እኩልነት ነው።

ሚኒሞው ቢስተካከልም በጉዞ ላይ ያለውን ድብልቅ የሚወስነው ዋናው ጄት ነው። ለከፍታው ለማካካስ የጄቱ ስፋት አምስት በመቶ ያህል ይቀነሳል፤ 125 የነበረው 118 ወይም 120 ይሆናል። ማረጋገጫው ካንዴላ ነው፦ ረጅም ዳገት በሙሉ ፔዳል ከወጡ በኋላ ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል፣ ካንዴላው ይፈታል። ጫፉ ፈካ ያለ ቡናማ ከሆነ ድብልቁ ትክክል ነው፤ ጥቁርና ደረቅ ጥላሸት የነዳጅ ብዛትን፣ የነጣ ሸክላ የነዳጅ ማነስን ያመለክታል።

ዋግ ኽምራ ውስጥ ግን ከፍታው አንድ አይደለም። ከሰቆጣ በዝቋላ ወረዳዋ ጽጽቃ በኩል ወደ ተከዜ ቆላ የሚወርድ መኪና አየሩ እየጠነከረ፣ ሙቀቱም እየጨመረ ይሄዳል። የተከዜ ግድብ ሐይቅ ሲሞላ ወለሉ 1,140 ሜትር ላይ ነው፤ ከሰቆጣ ከ1,100 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ለደጋው በጣም የተቆነጠረ ጄት እዚያ ሙቀቱን ሳንቆጥር ድብልቁን አምስት በመቶ ያህል ያሳሳዋል፤ የሳሳ ድብልቅ ደግሞ ቫልቭና ፒስተን ያቃጥላል። የነዳጅ ብዛት ኪስ ይጎዳል፤ ማነሱ ሞተር ይገድላል። ስለዚህ በሁለቱም ዓለም የሚመላለስ መኪና ለደጋው ሙሉ በሙሉ ከመቆንጠር ይልቅ ለዝቅተኛው ቦታ ደኅና የሆነ ጄት ይዞ በደጋው ትንሽ ጭስ ቢታገሥ ይሻለዋል። ለጉልበት ተብሎ በሰቆጣ ጥቂት ዲግሪ የተገፋ የእሳት ሰዓትም ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ወደ ቦታው ይመለስ፤ አለዚያ በቆላው ሞተሩ ሲጫን ማንኳኳት ይጀምራል።

ቆላው ሌላም ችግር አለው፤ በሙቀት ቤንዚኑ በቱቦው ውስጥ ይተንና ሞተሩ ይቆማል። የነዳጅ ቱቦውን ከጭስ ማውጫው ማራቅ፣ በካርቡሬተሩ ሥር ያለውን ሙቀት ከላካይ ወፍራም ንጣፍ አለመጣል ይረዳል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2008 አዲስ አበባ ላይ ከቤንዚን ጋር 5 በመቶ ኤታኖል መቀላቀል ጀምራ እ.ኤ.አ. በ2011 ወደ 10 በመቶ ከፍ አድርጋ ነበር፤ ኤታኖል ያረጀ ላስቲክን ያላላል፣ ውኃም ይስባል። ስለዚህ የጥንት መኪና የሚያድስ ሰው የፓምፑን ዲያፍራምና ማኅተሞቹን ኤታኖል በሚችል ዓይነት ይተካ። በአቧራማው መንገድ ደግሞ በዘይት የሚሠራው የአየር ማጣሪያ ሳህኑ ይታይ፤ ዘይቱ ጭቃ ከመሰለ ተደፍቶ ይታጠባል፣ እስከ ምልክቱ ብቻ በአዲስ ዘይት ይሞላል። ከምልክቱ ካለፈ ሞተሩ ዘይቱን ይስበዋል፣ ካርቡሬተሩም እንደገና ይቆሽሻል።