የእድር ንዋይ በዘመን ሂደት

ስለ ማኅበራት ገንዘብ የሚጽፉ ሊቃውንት እድርን ከእቁብ ጎን አስቀምጠው መመርመር ይወዳሉ፤ ነገር ግን እቁብተኛ የሰጠውን ያህል በተራው መልሶ ሲወስድ፣ እድርተኛ በየወሩ የሚከፍለው መዋጮ ቀኑ ላልታወቀ ኀዘን የተገባ የጋራ ቃል ኪዳን ስለ ሆነ፣ ሒሳቡ በሌላ ሚዛን ሊመዘን ይገባዋል። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ404ኛው አንቀጽ ማኅበርን ትርፍ ከማግኘትና ከመከፋፈል ለተለየ ዓላማ የቆመ ኅብረት አድርጎ መደንገጉ ከዚህ ጠባይ ጋር ይስማማል።

ከመዋጮው ቀጥሎ የእድርን ሣጥን የሚሞሉት ቅጣትና መግቢያ ናቸው። ከቀብር የቀረ ወይም ለስብሰባ ያረፈደ አባል የሚከፍለው ቅጣት፣ ቢበዛ ዳኛውም ጸሐፊውም የማይደሰቱበት ገቢ ነውና፣ በመዝገቡ ላይ ከፍ ብሎ በታየበት ዓመት የአባላቱ ፍቅር መቀዝቀዙን መጠርጠር አይከፋም። መግቢያው ግን ንብረቱ በጨመረ ቁጥር ይጨምራል፤ ዘግይቶ የመጣ ሰው ሌሎች ለዘመናት አዋጥተው በገዙት ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ብረት ድስት ላይ እኩል ባለመብት ስለሚሆን ጭማሪው ፍትሐዊ ነው፤ ሆኖም አዲስ ጎጆ የወጣውን ወጣት ከደጅ የሚመልሰው ይኸው መግቢያ ስለ ሆነ፣ አባላቱ አብረው ባረጁበት እድር ከፋዩ እየሳሳ ተከፋዩ ይበዛል። የኤች አይ ቪ ወረርሽኝ ጎልማሶችን በቀሠፈበት ዘመን ደግሞ ገና ብዙ ዓመት ያዋጣሉ የተባሉት አስቀድመው በማለፋቸው፣ የብዙ እድር ሒሳብ ተናጋ።

ከሁሉ የሚከብደው የብር ዋጋ ነው። በ1985 ዓ.ም. የአንድ የአሜሪካ ዶላር ምንዛሪ ከ2.07 ብር ወደ 5 ብር ሲወጣ፣ በ2016 ዓ.ም. ሐምሌም ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ በባንክ የተቀመጠው ገንዘብ ቁጥሩ ሳይነካ ከውጭ የሚመጣ ሸራና ብረት የመግዛት ኃይሉ ደከመ፤ አስቀድሞ ንዋዩን በዕቃ የለወጠው እድር ግን ንብረቱን ጠበቀ፣ ለሠርግም እያከራየ ገቢ አገኘ። ስለዚህ የገንዘብ ያዥ ብልኀት በባንክ ደብተር ቀሪ ሒሳብ ብቻ የሚመዘን አይመስለኝም። መዋጮ ይጨመር የሚለው ሐሳብ በጠቅላላ ጉባኤ በተነሣ ቁጥር በጡረታ የሚተዳደሩት አባላት መቃወማቸው ከእውነተኛ ችግር የመነጨ ነው፤ ነገር ግን የመዋጮው ልክ በየዓመቱ ከአንድ ቀብር ሙሉ ወጪ ጋር ተነጻጽሮ ቢወሰን፣ ጭማሪው ለዓመታት ተጠራቅሞ በአንድ ጊዜ ከሚወድቅባቸው ይልቅ በጥቂት በጥቂቱ ይደርሳቸው ነበር።