ልምጠት፦ ለፍላጻ «ስፓይን» የሚስማማ ቃል

የእህቴ ልጅ ቡሬ ተወልዶ ያደገ፣ አሁን ሚኒሶታ የሚኖር ጎልማሳ ነው። እዚያ አገር በደጋን የሚታደንበት ወቅት የሚከፈተው በእኛ መስከረም መግቢያ ላይ ስለሆነ፣ ለእንቁጣጣሽ ሲደውል ከእንኳን አደረሳችሁ ቀጥሎ ወሬው ሁሉ አደን ነው። (የሚያድነውን «አጋዘን» ይለዋል፤ የእኛ አጋዘን ሌላ ነው ብለው አልሰማኝም።) ዘንድሮ ግን ጥያቄ ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ የፍላጻ ስፓይን በአማርኛ ምን ይሉታል?»

ሳላስብ «አከርካሪ» አልኩት። መዝገበ ቃላት ብትገልጡ የምታገኙትም ይህንኑ ነው። ሳቀብኝ። «እና ልጄን፣ የፍላጻህ አከርካሪ ስንት ነው ልበለው?» ነገሩ ምን እንደሆነ ሳልጠይቅ መልስ መስጠቴ ያኔ ገባኝ። ጠየቅሁት።

ላባም ጫፍም ያልገባለትን ባዶ ዘንግ 28 ኢንች፣ ማለትም 71 ሴንቲ ሜትር ያህል በተራራቁ ሁለት ድጋፎች ላይ ያጋድሙታል። መሐሉ ላይ 880 ግራም የሚመዝን ነገር ያንጠለጥሉበታል። ዘንጉ ወደ ታች የወረደበት ልክ በሺህኛ ኢንች ይሰላና ቁጥሩ ዘንጉ ላይ ይታተማል። ግማሽ ኢንች የወረደው 500 ነው፤ በእኛ ልኬት 12.7 ሚሊ ሜትር። 340 የተባለው 8.6 ሚሊ ሜትር፣ 300 የተባለው ደግሞ 7.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ይወርዳል።

በትክክል እንደተረዳሁት ለማረጋገጥ መልሼ ነገርኩት፦ «ክብደቱ ሲንጠለጠልበት መሐሉ ይለመጣል፣ ሲነሣለት ይመለሳል፤ ይኸው ነው?» «ይኸው ነው» አለ። ቃሉ ሳልፈልገው ከአፌ ወጥቶ ነበር። ለመጠ፣ ተለመጠ፤ ስሙ ልምጠት።

ገጠር ያደገ ሰው ይህን ቃል በእጁ ያውቀዋል። ከብት የሚጠብቅ ልጅ ልምጭ ሲቆርጥ ዝም ብሎ አይቆርጥም፤ በሁለት እጁ ይዞ ይሞክረዋል። አንዱ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። አንዱ ጎብጦ ይቀራል። አንዱ ታጥፎ፣ ሲለቁት እንደነበረ ይሆናል፤ የሚወስደው ይህን ሦስተኛውን ነው። ስብራት፣ ጉብጠት፣ ልምጠት፦ አማርኛ ሦስቱን ለይቶ አስቀምጧል፤ ፍላጻ የሚፈልገውም እረኛው የመረጠውን ነው። ባለሥልጣን ፊት የሚሽቆጠቆጠውን ሰው «ልምጥምጥ» ማለታችን ቃሉን ትንሽ አሳድፎት ይሆናል። ለፍላጻ ግን ስድብ አይሆንበትም።

«ጥንካሬ» ለምን አይሆንም የሚል አይጠፋም። ብዙ ተርጓሚ የሚወድቅበት ጉድጓድ ይህ ነው። ቁጥሩ ሲያድግ ዘንጉ ይበልጥ ይለመጣል እንጂ አይጠነክርም። «ጥንካሬው 500 ነው» ብለን ብንጽፍ አንባቢው ከ300 ይልቅ 500ውን ጠንካራ አድርጎ ይገዛና ለኃይለኛ ደጋኑ ልፍስፍስ ዘንግ ይዞ ይገባል። «ልምጠቱ 500 ነው» ካልን ግን ትልቅ ቁጥር ብዙ መለመጥ ነው፤ ማስታወሻም ማስጠንቀቂያም አያስፈልገውም።

ስለ ቃል ካነሣን የመሣሪያውን ስምም እናጥራ። በዛሬው አነጋገራችን «ቀስት» አንዴ የሚወረወረው ነው፣ አንዴ የሚወረውረው። በግዕዝ ቀስት የሚወረውረው፣ ሐጽ የሚወረወረው ነው፤ «ቀስተ ደመና» ስንል ሰማይ ላይ የምናየው ጉባጩን እንጂ ቀጥ ያለውን አይደለም። በኋላ ግን ቀስት ወደ ተወርዋሪው አዘነበለ፤ የመንገድ ምልክት ላይ ያለውንም ቀስት እንለዋለን። ስለዚህ እኔ ቀስትን ለጊዜው አሳርፌው፣ የሚወረውረውን ደጋን፣ የሚወረወረውን ፍላጻ እላለሁ። ደጋንን ጥጥ የሚነድፉ ሰዎች እስከ ዛሬ ይዘውታል፤ የጎጃም ሰው ደግሞ ካርታ ሲያይ ደጋን ያያል፤ ዓባይ ከጢስ ዓባይ ወርዶ አገሩን ሲዞር ልክ የተሳበ ደጋን ነው፣ ቡሬና ፍኖተ ሰላም በውስጡ። ለፍላጻው ዘንግ ደግሞ ከጦር እንዋስ። መጥረቢያ ዛቢያ፣ ማረሻ እርፍ፣ ቢላ እጀታ እንዳለው ሁሉ ጦር ሶማያ አለው። የፍላጻም ሶማያ ቢባል ማን ይከፋዋል?

የእህቴ ልጅ የሚይዘው ደጋን ግን አባቶቻችን ያላዩት ዓይነት ነው። ጫፎቹ ላይ መዘውሮች አሉት፤ ሲሳብ መጀመሪያ ይከብዳል፣ ሙሉ በሙሉ ሲሳብ ግን መዘውሮቹ ዞረው ከሸክሙ ከግማሽ የሚበልጠውን ይወስዱለታል። ሆሊስ ዊልበር አለን የተባለ የሚዙሪ ሰው እ.ኤ.አ. በ1966 የፈጠራ መብት ጠይቆበት በ1969 መጨረሻ ተሰጠው። «ባለ መዘውር ደጋን» ብንለው ይበቃል።

ወደ ልምጠት እንመለስ፤ ምክንያቱም በሁለት ድጋፍ ላይ የተለካው ልምጠት የነገሩ ግማሽ ብቻ ነው። ገመዱ ሲለቀቅ ፍላጻውን ከኋላ ይገፋዋል፤ ከፊት ያለው ጫፍ በክብደቱ «አልሄድም» ይላል፤ መሐሉ በሁለቱ መካከል ተጨንቆ ይለመጣል። ፍላጻው ከደጋኑ የሚወጣው ቀጥ ብሎ ሳይሆን እንደ ዓሣ እየተውረገረገ ነው፤ ቀስ በቀስ ይረጋል። በድሮው ደጋን ፍላጻው ከእንጨቱ ጎን ተደግፎ ሳለ እንዴት ወደ ታለመበት ይሄዳል የሚለው ጥያቄ ሮበርት ኤልመር የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ስም ያወጣለት እንቆቅልሽ ነበር፤ ክላረንስ ሂክማን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በፈጣን ካሜራ ቀርጾ ፍላጻው ደጋኑን ተጠምዝዞ እንደሚያልፈው አሳየ። ይህን «የደጋነኛ እንቆቅልሽ» እንበለው። በድጋፍ ላይ የተለካውን «የቆመ ልምጠት»፣ ሲወነጨፍ የሚታየውን «የውንጨፋ ልምጠት» ብንል ሁለቱ አይምታቱም። የቆመው ዘንጉ ላይ የታተመው ነው፤ አይለወጥም። የውንጨፋው ግን ሶማያው ሲረዝም ይጨምራል፣ ጫፉ ሲከብድ ይጨምራል፣ ደጋኑ ሲበረታ ይጨምራል። አንድ ኢንች መቁረጥ ወይም ቀለል ያለ ጫፍ መግጠም ያንኑ ሶማያ ሌላ ፍላጻ ያደርገዋል።

አሁን አዳኞች የሚከራከሩበት ቀጭን ሶማያ ነው። የተለመደው የካርቦን ሶማያ የውስጥ ቀዳዳው 6.2 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ቀጫጭኖቹ ወደ 5፣ አንዳንዶቹ ወደ 4 ሚሊ ሜትር ወርደዋል። ቀጭን ስለሆነ ይበልጥ ይለመጣል ብሎ ማሰብ ቀላል ነው፤ እኔም አስቤ ነበር። ግን ሁለቱም 340 ሊሆኑ ይችላሉ። ምሥጢሩን ቀርከሃ ያስረዳል። ቀርከሃ ውስጡ ባዶ ሆኖ የሚጠነክረው እንጨቱ ከመሐል ወደ ዳር ስለወጣ ነው፤ ያንኑ እንጨት ሰብስበህ ድፍን ቀጭን ዱላ ብታደርገው በቀላሉ ይለመጥ ነበር። ቀጭኑን ሶማያ የሚሠሩትም ከዳር መራቅ ያሳጣቸውን በግድግዳ ውፍረት ያካክሱታል። ካርቦን ይጨመርበታል፣ ስለዚህም ይከብዳል። የእህቴ ልጅ ክብደቱን ወዶታል፤ ቀጭንና ከባድ ሲሆን የጎን ነፋስ ብዙ አይገፋውም፣ ዒላማው ውስጥም በጥልቀት ይገባል።

ክብደቱ የሚነገረው በግሬን ነው። ግሬን ከገብስ ፍሬ የመጣ ልኬት ነው፤ አንዱ 0.065 ግራም ገደማ ይሆናል። 450 ግሬን የሚመዝን ፍላጻ 29 ግራም ይሆናል ማለት ነው።

ቀጭንነቱ የሚያስከፍለው ሥራው ላይ ነው። ጫፉ የሚጠለቅበት ማስገቢያ ወደ ጠባቡ ቀዳዳ በቀጥታ ስለማይገባ፣ ወይ በጥልቀት የሚቀበር ጠባብ ማስገቢያ ወይ ከውጭ የሚያጠልቅ አንገት ይፈልጋል። ሶማያው በፈጣን የመፍጫ ጎማ ይቆረጣል (ብናኙ ለሳንባ ጠላት ነውና አፍና አፍንጫ ይሸፈን)፤ የተቆረጠው አፉ ቀጥ እስኪል ይሞረዳል፤ ውስጡ በአልኮል ይጠረጋል፤ ከዚያ ማስገቢያው በኢፖክሲ ይጣበቃል። አፉ በትንሹ ከተንሻፈፈ ጫፉ ይጣመማል፣ ፍላጻው ሲሽከረከርም ይንቀጠቀጣል። ሰፊው ሶማያ ይቅር የሚለውን ስሕተት ቀጭኑ ይቅር አይልም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ እንግሊዞች በዜማ መሣሪያ ቃል ይጠሩታል፤ እኛም የራሳችን አለን፦ መቃኘት። ክራር ሳይቃኝ እንደማይመታ ሁሉ ፍላጻም ሳይቃኝ አይታደንበትም። አንዱ ቅኝት በወረቀት ነው። ወረቀት በክፈፍ ላይ ወጥሮ ከሁለት ሜትር ያህል ርቀት መወርወር ነው። ቀዳዳው ክብ ሆኖ የሦስቱ ላባ ቁርጥ ብቻ ከታየበት ፍላጻው ቀጥ ብሎ አልፏል። ረዥም ቅዳጅ ካለው ጭራው ወደ ቅዳጁ ዘንብሎ ነበር። ሌላው ቅኝት ላባ የሌለውን ፍላጻ ላባ ካለው ጋር አጠገብ ለአጠገብ መወርወር ነው። ላባ ገመና ሸፋኝ ስለሆነ የተንጋደደውን በጉዞው ያቃናዋል፤ ላባ የለሹ ግን ልምጠቱ ከደጋኑ ጋር ካልተስማማ ወዲያው ያጋልጣል። ሁለቱ አንድ ቦታ ሲያርፉ ቅኝቱ አልቋል። የፊት ክብደትም ይታያል፤ 70 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፍላጻ በጣት ላይ ሚዛኑን የሚጠብቀው ከኋላው 44ኛው ሴንቲ ሜትር ላይ ከሆነ፣ ከመሐሉ 9 ሴንቲ ሜትር ቀድሟል፤ 13 በመቶ ገደማ። ለአደን ከ10 እስከ 15 በመቶ ያለውን ይመርጣሉ።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ጨዋታ የሚመስለው አንባቢ ካለ ወደ መተማ ልውሰደው። በሽንፋ ወንዝ ዳር፣ ውሃው ዞሮ ዞሮ ዓባይ በሚገባበት በዚያ ቆላ፣ ተመራማሪዎች 74,000 ዓመት ገደማ የሆነው የሰው ማደሪያ አግኝተዋል። የቶባ እሳተ ገሞራ የፈነዳበት ዘመን ነው፤ የአመዱ ደቃቅ ቅንጣቶችም እዚያው ተገኝተዋል። በጆን ካፕልማን የተመራው ቡድን እ.ኤ.አ. በማርች 2024 በኔቸር መጽሔት ሲያወጣው፣ ከተገኙት መካከል ትንንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን የድንጋይ ጫፎች የፍላጻ ጫፎች ሳይሆኑ እንደማይቀሩ ገልጿል። ጫፉ ትንሽ ከሆነ ሶማያውም ቀጭን ነበር። ድንጋዩ ቀርቷል፣ እንጨቱ በስብሷል፤ ልምጠቱን ማንም አይለካውም። ግን ያ አዳኝ ከአንዱ እንጨት ሌላውን ሲመርጥ በሁለት እጁ ይዞ ለምጦ እንደሞከረው አልጠራጠርም።

(ይህን አንብቦ ደጋን ለመጥረብ የሚነሣ ካለ፣ የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ያለ ፈቃድ ማደንን እንደሚከለክል ይወቅ። በገለባ ክምር ላይ መለማመድን ግን ማንም አይከለክለውም።)

አንድ ነገር ይቀረኛል። ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም ወደ ምዕራብ ቢወርዱ መተከል ነው፤ የጉሙዝ ሰዎች ደጋንና ፍላጻን ሳይጥሉ የኖሩ አዳኞች ናቸው። እኔ በስልክ ያገኘሁትን ነገር እነርሱ በቋንቋቸው ከጥንት ሰይመውት ይሆናል፤ የአገው አዛውንትም እንዲሁ። የምታውቁ ካላችሁ ቃሉን ላኩልኝ። ከልምጠት የተሻለ ከሆነ የእኔን ጥዬ እርሱን እጽፋለሁ።