ባዶ ቀለህ ለምን አይጣልም ነበር?

ስለ 19ኛው ክፍለ ዘመን የኢትዮጵያ ጦር መሣሪያ ሲጻፍ ቆጠራው ሁሉ በጠመንጃ ነው፤ ስንት ሰናድር፣ ስንት ረሚንግተን፣ ስንት ውጅግራ ገባ ይባላል። ጠመንጃ ግን አንዴ ከተያዘ ለልጅ ይተርፋል፤ የሚያልቀው ጥይት ነው። ጉንደትና ጉራ ላይ በ1868 ዓ.ም. ከግብፅ የተማረከው ረሚንግተን ብዙ ነበር፤ ከእሱ ጋር የተገኘው ጥይት ተተኩሶ ሲያልቅ ማን ይተካዋል? የዚያን ዘመን ታጣቂ አቅም ለመመዘን ከጠመንጃው ይልቅ ከተኩስ በኋላ የምትወድቀውን የናስ ቀለህ መከተል ይሻላል ባይ ነኝ። ቀለህ እየተለቀመ፣ ባሩድና እርሳስ እየተሞላ ዳግም ይተኮስ ነበርና።

ይህ የተቻለው መሣሪያዎቹ የጥቁር ባሩድ ዘመን ሥራ ስለነበሩ ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1874 የታጠቀችው ውጅግራ አፈሙዙ 11 ሚሊ ሜትር፣ አረሩ ወረቀት የተጠቀለለበት 25 ግራም ያህል እርሳስ ነው፤ እርሳስ ደግሞ በምድጃ እሳት ይቀልጣል። ባሩዱ ከሰል፣ ድኝና ከአፈር ታጥቦ የሚወጣ ጨው ነው። ድኙ ከአፋር ቆላ ይመጣ ነበር፤ ቅመማውም ቀለህ ያለው ጥይት ከመታወቁ በፊት የቆየ ሙያ ነው። ጥይት እንደ አሞሌ ጨው የጠገራ ብር ዝርዝር ሆኖ ገበያ ላይ መዋሉን ብዙዎች በብርቅነቱ ብቻ ያስረዱታል። እኔ ግን አንድ ነገር እጨምራለሁ፤ ተተኩሶም ግማሽ ዋጋው በሰው እጅ ይቀራል። ጣጣውም ከዚያው ይመነጫል፤ ዳግም የተሞላው ከአዲሱ በዓይን ብቻ በቀላሉ አይለይም፣ ሻጭም ይህን አያጣውም።

የቤት ሙሊት ደካማ ነው፣ አፈሙዝ ያጠቁራል፣ ሩቅ አይመታም ይባላል። እውነት ነው። ነገር ግን ጥቂት ጥይት ይዞ ጠላቱን ቀርቦ ለሚገጥም ተዋጊ ርቀት የመጀመሪያው ጉዳይ አይደለም፤ ለአደንና ለለቅሶ ተኩስ የሚበቃ ሙሊት ካለ ደግሞ የፋብሪካው ጥይት ለጦርነት ይተርፋል። ኋላ ቀርነት ነው ለሚሉም፣ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1884 የተቋቋመው አይዲያል ኩባንያ ይህንኑ ሥራ በቤት የሚያሠራ መሣሪያ ይሸጥ ነበር። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። የአሜሪካ አዳኝ በጥይቱ ቂጥ ያለችውን መለኮሻ ከሱቅ ይገዛል፤ በከሰልና በድኝ የማትሠራው ይህች ትንሽ የኬሚካል ሥራ ለኢትዮጵያዊው ከባሕር ማዶ የምትመጣ ናት። ሙያው ያኔም ቢሆን ሙሉ ነጻነት አልነበረውም።

ያለውንም ያሳጣው ጢስ አልባው ባሩድ ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1886 በዚሁ ባሩድ የሚተኩሰውን ለበል የተባለ ጠመንጃ ስትይዝ የተረፋት ውጅግራ በኦቦክና በጅቡቲ በኩል ወደ ምኒልክ አገር ጎረፈ። ለበልና መሰሎቹ በተራቸው ሲገቡ ግን ለ8 ሚሊ ሜትር አፈሙዝ፣ ብረት ለለበሰ አረርና በላቦራቶሪ ለሚቀመም ባሩድ የአገሬው ባሩድ ቀማሚ መልስ አልነበረውም። የተሻለው ጠመንጃ ባለቤቱን የባሰ የወደብ ጥገኛ አደረገው። በ1927 ዓ.ም. እንግሊዝና ፈረንሳይ ለኢትዮጵያም ለጣልያንም መሣሪያ አንሸጥም ሲሉ ጣልያን የራሷ ፋብሪካ ነበራት፤ ክልከላው የከበደው በኢትዮጵያ ላይ ነው።