ትልቁ ከሳሪ

አሜሪካኖች ቅኔ አያውቁም የሚል ሰው ካለ የአንድ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ስም ልስጠው፦ «ዘ ቢጌስት ሉዘር»። «ሉዝ» በእነሱ ቋንቋ መጣልም ማጣትም ነው። ኪሎም ይጣልበታል፣ ገንዘብም ይጠፋበታል፣ ጨዋታም ይሸነፉበታል። «ሉዘር» ሲሉ ደግሞ ስድብ ነው፤ እኛ «ከንቱ»፣ «የማይረባ» የምንለው ዓይነት ሰው። እንግዲህ ሰሙ «ከሁሉ ይበልጥ ኪሎ የጣለ» ነው፤ ወርቁ «ከሁሉ የባሰ ውዳቂ»። ኅብረ ቃል ምን እንደሆነ ለተማሪዎቼ ለማስረዳት ዓመታት ስደክም ኖሬ፣ ይሄን የመሰለ ምሳሌ ቤቴ ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ ሳላየው ማለፌ ይቆጨኛል። ወደ አማርኛ መልስ ብባል «ትልቁ ከሳሪ» እለዋለሁ። ከክሳትም ከኪሳራም ትንሽ ትንሽ ይሸታል።

ፕሮግራሙን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። ኤንቢሲ የተባለው የአሜሪካ ጣቢያ ማሳየት የጀመረው በጥቅምት 9 ቀን 1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 19 ቀን 2004) ነው። ከመጠን በላይ የወፈሩ ሰዎች ከያሉበት ተመርጠው ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ ግቢ ይገባሉ፤ ከቤተሰብ ይለያሉ፤ ባብ ሃርፐርና ጂሊያን ማይክልስ የሚባሉ አሠልጣኞች ይመደቡላቸዋል። ጥቂት እየበሉ በቀን ለብዙ ሰዓት ይሠራሉ። ሲያለቅሱ፣ ሲያስመልሳቸው፣ ከመሮጫው ማሽን ላይ ተንሸራተው ሲወድቁ ካሜራው አይለያቸውም። በየጊዜው ይመዘናሉ፤ ትንሽ የቀነሰ ለመባረር ይቀርባል። መጨረሻ ላይ ከመነሻ ክብደቱ በመቶኛ ሲሰላ ብዙ የጣለው 250,000 ዶላር ይዞ ይሄዳል። ሐሳቡ ተሸጦ እንግሊዝ፣ አውስትራሊያ፣ ህንድና አረብ አገር ደርሷል።

የፕሮግራሙ ልብ ግን ሚዛኑ ነበር። ሰው ሳይሆን የጭነት መኪና የሚመዘንበት ይመስላል። ወንዶቹ ከወገብ በላይ ራቁታቸውን፣ ሴቶቹ በጡት መያዣ ይወጡበታል። ቁጥሩ ቶሎ አይቆምም፤ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ሙዚቃው ይጎተታል፣ ልክ ሊቆም ሲል ማስታወቂያ ይገባል። ሚዛን እኛ ዘንድ የነጋዴ ዕቃ ነው፦ የሥጋ፣ የቡና፣ የበርበሬ። ሰው የሚመዘነው ወይ ጤና ጣቢያ ሄዶ ነው፣ ወይ የእግረኛ መንገድ ላይ ሚዛን ዘርግቶ ለተቀመጠ ልጅ ሳንቲም ሰጥቶ ነው። ልጁም ቢሆን ቁጥሩን ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የሚነግርህ። ጨዋ ነው፤ ለአላፊ አግዳሚ አይጮኽም።

ደግሞ «ፈተና» የሚሉት ነገር ነበራቸው። ክፍሉ በኬክና በጣፋጭ ይሞላል። ከዚያ የበላ ሰው ከመባረር የሚያድን ዕድል፣ ወይም ቤተሰቡ ጋር ስልክ መደወያ ሊያገኝ ይችላል። ሰውን አስርበህ፣ ልጆቹ እስኪናፍቁት አቆይተህ፣ «ብላና ከልጆችህ ጋር ተነጋገር» ማለት እንግዲህ ምን ዓይነት ሕክምና ነው? ያን ጊዜ ይሄ ጥያቄ ለእኔም አልመጣልኝም። ሳቅሁ እንጂ።

እኛ ቤት ፕሮግራሙ የገባው ከሳተላይት ዲሹ ጋር ነው። የአዲስ አበባ ጣሪያ ሁሉ እንደ እንጉዳይ ዲሽ ያበቀለበት ዘመን ነበር። ከታች በአረብኛ እየተጻፈለት እናያለን። ታናሽ እህቴ እሑድ እሑድ ልጆቿን ይዛ ትመጣ ነበርና ከቡናው በኋላ አብረን እንቀመጣለን። እህቴ ወፍራም ናት። ከሁለተኛ ልጇ በኋላ ወፈረች፤ ለመቀነስ ያላደረገችው የለም። ንጋት ላይ መስቀል አደባባይ ደረጃውን ትሮጣለች፣ ራት ትተዋለች፣ ሎሚ በሙቅ ውኃ ትጠጣለች፤ አምስት ኪሎ ትጥላለች፣ ሰባት ኪሎ ትጨምራለች። አንድ እሑድ፣ አንዱ ሰውዬ ሚዛኑ ላይ ቆሞ ሲያነባ፣ ወደ እሷ ዞሬ «አየሽ? ቆራጥነት ብቻ ነው የሚፈልገው። እነዚህ በሰባት ወር ግማሽ ሰውነታቸውን ሲጥሉ አንቺ ምን ሆነሻል?» አልኳት። ምንም አልመለሰችልኝም። ስኒዋን አስቀመጠች። ከዚያን ቀን ወዲህ እህቴ እኔ ፊት ጠግባ በልታ አታውቅም። ይሄን ለማስተዋል ዓመታት ፈጅቶብኛል፤ መምህር ነኝ ባይ ሰው ቶሎ አይማርም።

ታዲያ በሰው መክሳት መዝናናት የቴሌቪዥን ፈጠራ አይምሰላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1880 ሄንሪ ታነር የሚባል የሚኒያፖሊስ ሐኪም ኒውዮርክ ክላረንደን አዳራሽ ውስጥ 40 ቀን ያለ ምግብ ሊቀመጥ ተነሣ። ጠባቂ ቆመበት፣ ጋዜጦች ክብደቱን እየተከታተሉ ዘገቡ፣ ሕዝቡ እየከፈለ ገብቶ አየው። 16 ኪሎ ያህል ከስቶ በ40ኛው ቀን ኮክ በላና ሐብሐብ አስከተለ። (ሁዳዴን ሃምሳ አምስት ቀን የሚጾም የእኛ አገር ገበሬ ማን ከፍሎ አየው? ለነገሩ የእሱ ጾም እንዲታይ የሚፈለግ አይደለም።) ከታነር በኋላ ጣሊያናዊው ጆቫኒ ሱቺ መጣ፤ እሱማ መራብን ሙያ አድርጎ በአውሮፓ ከተሞች እየዞረ ኖረበት።

ፍራንዝ ካፍካ እ.ኤ.አ. በ1922 ስለ ረሃብ አርቲስት የጻፈውን አጭር ልብ ወለድ ያነበበ ሰው ይሄን ያውቀዋል። ጿሚው በፍርግርግ ውስጥ ተቀምጦ ይታያል። አስተዳዳሪው ግን ከ40 ቀን በላይ እንዲጾም አይፈቅድለትም። ለጤናው አዝኖ አይደለም፤ ከ40 ቀን በኋላ የተመልካቹ ስሜት እንደሚቀዘቅዝ ከልምድ ስላወቀ ነው። ይሄን ታሪክ ሳስተምር ተማሪዎቼ ሁሌ የሚጨቃጨቁት ስለ ጿሚው ነበር፦ ቅዱስ ነው? እብድ ነው? አታላይ ነው? ስለ አስተዳዳሪው የጠየቀኝ ተማሪ አላስታውስም። እኔም አላነሣሁባቸውም። የቴሌቪዥኑን ፕሮግራም መልሼ ሳስበው ግን ዓይኔ የሚሄደው ወደ አስተዳዳሪው ነው። ምዕራፉ ሲያልቅ፣ ገንዘቡ ሲሰጥ፣ መብራቱ ሲጠፋ ሰውየው ቤቱ ገባ፤ ከዚያስ? ከዚያማ ተመልካቹ የሚቀጥለውን ምዕራፍ ይጠብቃል።

«ከዚያስ?» ለሚለው መልስ የሚሆን ነገር ፕሮግራሙ ከመጀመሩ ስድሳ ዓመት በፊት ተጠንቶ ነበር። ጥናቱም የተደረገው እዚያው በታነር ከተማ፣ በሚኒያፖሊስ ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሲል አንሴል ኪስ የሚባል ተመራማሪ ጠመንጃ አናነሳም ያሉ 36 ጤነኛ ወጣቶችን በፈቃደኝነት መለመለ። በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ሥር ባለው ቤተ ሙከራ ለስድስት ወር ምግባቸውን ቀንሶ ከክብደታቸው አንድ አራተኛውን ያህል አስጣላቸው። ዓላማው ሰው ማዝናናት አልነበረም። በጦርነቱ የተራቡ ሚሊዮኖች ነበሩና እንዴት ተመልሰው ሊያገግሙ እንደሚችሉ ለማወቅ ነው። ወጣቶቹ በረዳቸው፣ ልባቸው ቀስ ብሎ መታ፣ ጨዋታና ፍቅር አስጠላቸው። ሌት ተቀን የሚያስቡት ምግብ ሆነ፤ የምግብ አሠራር መጻሕፍት እንደ ልብ ወለድ የሚያነቡ ነበሩ። ሰውነታቸው እሳቱን ቀነሰ፤ በዕረፍት ላይ ሆኖ የሚያቃጥለው ካሎሪ በጣም ወረደ። ምግብ ከተፈቀደላቸው በኋላም በልተው አልጠግብ ያሉ ነበሩባቸው። ይሄ ሁሉ እ.ኤ.አ. በ1950 በሁለት ወፋፍራም ጥራዝ ታትሟል። ሰውነት ክሳትን እንደ ዓላማ አያውቀውም። የሚያውቀው ረሃብን ብቻ ነው፤ ሲርበው ደግሞ ያስቀምጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልቻልኩም። በጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል በርክ ከኮረም ያቀረበው፣ መሐመድ አሚን የቀረጸው ዘገባ ለዓለም ታየ። ያን ጊዜ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ እኛ ፊልሙን ያየነው ዘግይተን ነው። ቀኑን ከላይኛው ቀን ጋር አስተያዩት፦ ሃያ ዓመት ሊሞላው አራት ቀን ሲቀረው ኤንቢሲ ትልቁን ሚዛኑን አወጣ። አንዱን ከሌላው ጋር የሚያያይዘው ነገር የለም፤ የቀን አጋጣሚ ነው። ግን ሳሎኔ ተቀምጬ ያየሁት እኔ ነኝና ለእኔ ተያይዞብኛል። በመጠለያዎቹም ሚዛን ነበር። እዚያ በጣም የከሳው ሕፃን የሚመረጠው ምግብ እንዲሰጠው ነው።

ወደ ከሳሪዎቻችን እንመለስ። የመጀመሪያው አሸናፊ ራያን ቤንሰን ከ150 ኪሎ ወደ 94 ወረደ። ለመጨረሻው ሚዛን ሲል ደም እስኪሸና ድረስ ራሱን ከምግብና ከውኃ እንደከለከለ በኋላ በራሱ አንደበት ተናገረ፤ ክብደቱም ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ2014 ሬቸል ፍሬድሪክሰን ከ118 ኪሎ ወደ 48 ወርዳ መድረክ ላይ ስትወጣ አሠልጣኞቹ ራሳቸው ፊታቸው ተለወጠ። አገሩ «ይቺ ልጅ በዛባት» ብሎ ጮኸ። ዓመታት ሙሉ «ቀንሱ! ቀንሱ!» ሲል የከረመ ሕዝብ መሆኑን ልብ በሉልኝ።

ከሁሉም የሚበልጥብኝ ግን የዳኒ ካሂል ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ስምንተኛውን ምዕራፍ አሸነፈ፤ 195 ኪሎ የነበረው ሰውዬ በሰባት ወር ገደማ 87 ኪሎ ሆነ። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የሚሠራው ኬቨን ሆል እሱን ጨምሮ የዚያን ምዕራፍ 14 ተወዳዳሪዎች ከስድስት ዓመት በኋላ መልሶ መዘናቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታተመ። በአማካይ 58 ኪሎ ጥለው ነበር፤ 41 ኪሎው ተመልሷል። እሱስ ይሁን፤ ሰው ይዘናጋል እንበል። የሚያስደነግጠው ሌላው ነው። ሰውነታቸው በዕረፍት ላይ የሚያቃጥለው ኃይል እነሱን ከሚያህል ሰው ይጠበቅ ከነበረው በቀን 500 ካሎሪ ያህል ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የካሂል ወደ 800 ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ! ጠግበሃል ብሎ ለአንጎል የሚነግረው ሌፕቲን የተባለው ሆርሞንም ወደ ቀድሞ ልኩ አልተመለሰም። ሰውዬው እንግዲህ እንደ ማንኛውም ሰው በልቶ እንደ ማንኛውም ሰው መሆን አይችልም፤ የአንድ ደህና ቁርስ ያህል በየቀኑ ዕዳ አለበት። ጎረቤቱ ሲያየው የሚለው ግን ያው ነው፦ «ያን ሁሉ ደክሞ፣ ያን ሁሉ ገንዘብ በልቶ፣ አፉን መግታት አቃተው!»

ሳላዛባ ለመናገር፣ በሚቀጥለው ዓመት እነዚያኑ ሰዎች ይዞ የወጣ ሌላ ጥናት የቀነሱትን ጠብቀው የቆዩት ይበልጥ የሚንቀሳቀሱት መሆናቸውን አሳይቷል። መንቀሳቀስ ከንቱ ነው የሚል ሰው የለም። እህቴም ደረጃውን መሮጧ መልካም ነበር። ከንቱ የነበረው የእኔ ሒሳብ ነው፤ የክብደቱን ቁጥር አይቼ የሰውን ጠባይ አነብ ነበር።

ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2016 ቆመ፤ በ2020 በሌላ ጣቢያ አንዴ ተሞክሮ ቀረ። በ2025 ኔትፍሊክስ ስለ ፕሮግራሙ ዘጋቢ ፊልም ሠራ። ተወዳዳሪዎቹም፣ አዘጋጆቹም ቀርበው ተናገሩ። ፊልሙን ያየሁት ከእህቴ ልጅ ጋር ነው፤ ያኔ ምንጣፍ ላይ ተንከባሎ የሚጫወተው ልጅ አሁን የራሱ ስፖርት ቤት ካርድ አለው።

በማግስቱ ለእናቱ ደወልኩ። የሆልን ጥናት ከነቁጥሩ ነገርኳት፤ ሌክቸር እንደመስጠት ነበር። ዝም ብላ ሰማችኝ።

«ጋሼ፣ ይሄን እኮ አውቀዋለሁ» አለችኝ ስጨርስ።

«ከየት አወቅሽው?»

«ከየት ይሆናል? ሰውነቴ እኮ ነው።»

ያን እሑድ ያልኳትን አነሣሁ፤ ጥፋተኛ ነኝ አልኩ። የምታስታውሰው አልመሰለኝም ነበር። ቃል በቃል መለሰችልኝ፤ ስኒውን የት እንዳስቀመጠችው ሳይቀር። ከዚያ ትንሽ ቆይታ፣

«ሰውዬውስ፣ ያ ያሸነፈው፣ ስንት ኪሎ ደረሰ?» አለችኝ።

«ጥናቱ በወጣበት ጊዜ 134።»

«ውይ፣ የኔ ቢጤ» አለችና ሳቀች። «ለመሆኑ ገንዘቡን አልቀሙትም?»

አልቀሙትም አልኳት። «ደግ አደረጉ» አለች፤ እሑድ ምን ልሥራልህ ብላም ጠየቀችኝ።