ጽዋና ጽሕፈት፦ የሴቶች የዕድሜ ልክ ባልንጀርነት በቡሬ ገጠርና በቻይና

«ባልንጀራ» የተባለው ቃል «ባለ እንጀራ» ከሚለው እንደ ተገኘ ይነገራል፤ ከአንድ ገበታ የሚቆርስ ማለት ነው። ቃሉ በዜና መዋዕልም ሆነ በፉከራ ሲነሣ በአብዛኛው የሚያመለክተው ጋሻና ጦር ያስተባበራቸውን ወንዶች ነው። እንጀራውን የጋገሩት ሴቶች እርስ በርሳቸው ስለ መሠረቱት ባልንጀርነት ግን የተጻፈው እጅግ ጥቂት ነው። የታሪክ ጸሐፊው ብዕር የአዳራሹን ግብር ሲቈጥር ወደ ማጀቱ አልዘለቀም። ሆኖም በዚያ ማጀት ውስጥ የራሱ ወግና ግዴታ የነበረው፣ እስከ ዕለተ ሞት የሚዘልቅ ማኅበራዊ ሥርዓት ተገንብቶ ኖሯል።

ቡሬ በምዕራብ ጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ከሚወስደው ጎዳና ላይ ዐባይን ተሻግሮ ነቀምት የሚያደርሰው መንገድ የሚገነጠልባት የገበያ ከተማ ናት። ከእርሷ እስከ ፍኖተ ሰላም በተዘረጋው ገጠር የሴት ልጅ ዕድሜ ለሁለት የተከፈለ ነበር። የመጀመሪያው ክፍል ውኃ በመቅዳት፣ እንጨት በመልቀም፣ ጳጉሜን ሲያልቅም ከእኩዮቿ ጋር መስክ ወርዳ እንግጫ በመንቀል የሚያልፍ የልጅነት ዘመን ነው። ልጃገረዶች በዘመን መለወጫ ዋዜማ እየዘፈኑ የሚነቅሉት ያ ሣር ከዐደይ አበባ ጋር ተጐንጕኖ ቤቱን ያስጌጣል። ሁለተኛው ክፍል ጋብቻ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ልጅ ጋብቻ ዐሥራ አምስት ዓመትን ዝቅተኛ ዕድሜ አድርጎ ቢደነግግም፣ በገጠሩ ከዚያ በታች የተዳሩት ብዙዎች ናቸው።

በጎጃም ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይወረስ ስለ ነበር፣ ሴት ልጅ በትውልድ አገሯ መሬት ላይ ያላት መብት በጋብቻ አይቋረጥም ነበር። መኖሪያዋ ግን እንደ ልማዱ የባሏ አገር ነው። ወንዱ በሚዜዎቹ ታጅቦ መጥቶ ከጓደኞቹ ሳይለይ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ሙሽራይቱ እንግጫ አብረዋት የነቀሉትን ሁሉ በአንድ ቀን ትለያቸዋለች። ለመልስ ወደ ወላጆቿ ቤት ስትመጣ የምታገኛቸውም ለጥቂት ቀን ነው። እንግዲህ ሴቶቹ መፍትሔ ሊያበጁለት የተገደዱት ችግር ይህ ነበር፤ ጋብቻ የበተነውን እኩያ በምን መልሶ መያዝ ይቻላል? በባዕድ መንደርስ አዲስ ባልንጀራ በምን ይጸናል?

ከመልሶቹ አንዱ አበልጅነት ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ወንድ ልጅ በዐርባ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ትጠመቃለች፤ ለሴት ልጅ የክርስትና እናት ትቆምላታለች። ስለዚህ እናቲቱ የልብ ወዳጇን ለሴት ልጇ የክርስትና እናት ስታደርጋት ወዳጅነቱ ወደ ዝምድና ይለወጣል። ከዚያች ቀን አንሥቶ ሁለቱ ሴቶች አበልጅ ናቸው። ዝምድናው መንፈሳዊ ቢሆንም እንደ ሥጋ ዝምድና ይቈጠራልና በክርስትና እናቲቱና በልጇ ቤተሰቦች መካከል ጋብቻን ይከለክላል። ቢጣሉ የሚያስታርቃቸው፣ ቢራራቁ የሚያገናኛቸው ልጅ በመካከላቸው አለ። ያለ ምስክር የነበረ ፍቅር በዚህ መንገድ በሕዝብ ፊት ይታወቃል።

ሁለተኛው የጽዋ ማኅበር ነው። ሴቶች አብዛኛውን ጊዜ በማርያም ስም፣ ወር በገባ በሃያ አንድ ቀን የሚጠጡት ማኅበር ተራ አለው፤ ደጋሿ ጠላውንና ዳቦውን አዘጋጅታ ታበላለች፣ ታጠጣለች፣ ከዚያም ጽዋው ለባለ ተራዋ ይተላለፋል። ጽዋውን የተረከበች ሴት ወሩ ሲደርስ ቤቷን የመክፈት ግዴታ አለባት፤ የማኅበርተኞቹም ግዴታ መገኘት ነው። በዚህም ምክንያት ባሏ ወይም አማቷ ከቤት እንዳትወጣ ቢፈልጉ እንኳ፣ የማኅበር ቀን የማያሻማ ሰበብ ይሆናታል። በዚያ ገበታ ላይ የታመመችው ትጠየቃለች፤ ያልመጣችው ለምን እንደ ቀረች ይመረመራል፤ የተበደለችው ሽማግሌ ይፈለግላታል። አራስ ስትኖር ገንፎውን የሚያገነፉላት፣ ሐዘን ሲደርስ አብረው የሚቀመጡት፣ ጥጥ ሲፈተልና በርበሬ ሲለቀም ጉልበት የሚያዋጡትም እነዚሁ ናቸው። የባልንጀርነቱ ሥር ሥራ ነው፤ ጸንቶ የሚቆመውም በተራ ነው።

ይህን የመሰለ ችግር በሩቅ ምሥራቅም ሌላ መልስ አግኝቶ ነበር። በደቡብ ቻይና፣ በሁናን ክፍለ ሀገር በምትገኘው በጂያንግዮንግ ወረዳ፣ ልጃገረዶች «ላኦቶንግ» በሚባል ቃል ኪዳን ይተሳሰሩ ነበር፤ በዕድሜ የተመሳሰሉ ሁለት ልጆች እስከ ሞት ባልንጀራ እንዲሆኑ የሚደረግ ስምምነት ነው። ከሁለት በላይ የሆኑትም በእኅትማማችነት ይማማሉ። እግራቸው በጨርቅ ታስሮ ከቤት ውስጥ የሚውሉት እነዚህ ሴቶች ወንዶች የሚማሩትን ጽሕፈት ስለማይማሩ «ኑሹ» በተባለ፣ «የሴቶች ጽሕፈት» ማለት በሆነ ፊደል ይጻጻፉ ነበር። እንደ ግዕዝ ፊደል እያንዳንዱ ምልክት አንድን የድምፅ ክፍለ ቃል ይወክላል። በመሐረብና በማራገቢያ ላይ ይጽፉታል፤ አንዲቱ ስትዳርም በሠርጉ በሦስተኛው ቀን ባልንጀሮቿ የኀዘናቸውንና የምርቃታቸውን ቃል የያዘ ትንሽ መጽሐፍ ይልኩላታል።

እ.ኤ.አ. በ1949 የቻይና ሕዝባዊ ሪፐብሊክ ተመሠረተች፤ በ1950 የወጣው የጋብቻ ሕግ በወላጅ ትእዛዝ የሚፈጸመውን ጋብቻ ሻረ። ትምህርት ቤት ለልጃገረዶች ሲከፈት የኑሹ አስፈላጊነት ቀነሰ። ብዙው ጽሑፍ ከባለቤቱ ጋር ተቀብሯል ወይም ተቃጥሏል፤ በባህል አብዮት ዓመታትም የጠፋ አለ። ከአያቶቿ ዘመን ሲወርድ በመጣው ወግ ኑሹን ከተማሩት የመጨረሻዋ የምትባለው ያንግ ኹዋንዪ እ.ኤ.አ. በ2004 ዓረፈች። ከሁለት ዓመት በኋላ ኑሹ በአገሪቱ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገባ። ተመራማሪዎች ቀደም ብለው በ1980ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ አሮጊቶቹን ፈልገው ባያነጋግሩና የተረፈውን ባይሰበስቡ ኖሮ መዝገቡ ከስም በቀር የሚይዘው ባልኖረ ነበር።

በቡሬ ገጠርም ኑሮው ተለውጧል። የ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ የርስትን ሥርዓት አስቀረ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወደ ገጠር ሲዘልቅ ብዙ እናቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ስማቸውን ጻፉ። በ1972 ዓ.ም. የተቋቋመው የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ ሴቶችን በመዋቅር ሲያደራጅ፣ የቀደመው ማኅበር ከጎኑ ጽዋውን ማዘዋወሩን አላቋረጠም። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል ቤተሰብ ሕግ፣ ቀጥሎም በ1995 ዓ.ም. የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ዐሥራ ስምንት አደረጉት። ዛሬ የቡሬ ልጃገረድ ባልንጀራዋን ከትምህርት ቤት ታገኛለች፤ ብትለያትም በስልክ ትጠራታለች። የማርያም ጽዋ ግን ዛሬም ከቤት ወደ ቤት ይዞራል።

የሁለቱ አገሮች ልዩነት ከዚህ ላይ ይታያል። የጂያንግዮንግ ሴቶች ባልንጀርነታቸውን በጽሕፈት ስላኖሩ፣ ሥርዓቱ ሲጠፋ ቃላቸው ተረፈ። የቡሬ ሴቶች ደግሞ በጽዋና በክርስትና ስላኖሩት ሥርዓቱ ተረፈ፤ በየገበታው የተነገረው ቃል ግን ከተናጋሪዎቹ ጋር ወደ መቃብር ወረደ። በፈተል ላይ የተንጐራጐረው፣ በእንግጫ ሜዳ የተዘፈነው፣ አበልጅ በአበልጇ ቀብር ላይ ያወጣችው ሙሾ በየትኛውም ቤተ መጻሕፍት ሙሉውን አይገኝም። አስተማሪውና የኪነት ሰው ብራናና ጥንታዊ ሥዕል ፍለጋ ሲወጡ፣ የጽዋውን ተራ በቃሏ ይዛ የኖረችውን ባልቴትም ደጃፍ ሊያንኳኩ ይገባል። መዝገቡ ያለው በእርሷ ዘንድ ነው፤ ከእርሷ በኋላ ግን ቅጂ የለውም።