ርችትን በፎቶግራፍ ስለ መያዝ፤ አጭር ታሪክና ምክር

ከትምህርት ቤቱ የፎቶግራፍ ክበብ ተማሪዎች የቀረበ

በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሃያ አምስተኛው ዓመት በዓል አልበም ይገኛል። በዚህ አልበም የሰልፉ፣ የስፖርቱ፣ የቲያትሩና የሽልማቱ ፎቶግራፎች በየተራቸው ተለጥፈዋል። በመጨረሻው ገጽ ላይ ግን አራት የማዕዘን መያዣዎች ብቻ ይታያሉ። ከሥራቸው «የርችቱ ሌሊት» የሚል ጽሑፍ ይነበባል፤ ፎቶግራፉ ግን የለም።

ይህ ነገር ስላስገረመን በዚያን ጊዜ ካሜራውን ይዘው የነበሩትን መምህራችንን ጠየቅናቸው። እርሳቸውም፣ «ሰማዩ ጥቁር፣ የሕዝቡ ማጅራት ነጭ ሆኖ ወጣብኝ፤ አፍሬ ሳልለጥፈው ቀረሁ» ሲሉ መለሱልን። እንግዲህ በዚያ ሌሊት ብዙ ሰው አንጋጦ ያየውና ያጨበጨበለት ብርሃን አንድም ምልክት ሳይተውልን ጠፍቷል ማለት ነው።

ዘንድሮ የአምሳኛው ዓመት በዓል ዋዜማ ርችት እንደሚተኮስ በመርሐ ግብሩ ተጽፏል። ይህ መጽሔት በእጃችሁ በሚገባበት ጊዜ ያ ሌሊት ገና አልደረሰም። ርችት ደግሞ እንደ ሰልፍ «እባካችሁ አንድ ጊዜ ድገሙልን» የሚባል ነገር አይደለም። ስለዚህ ያ ገጽ ሁለተኛ ጊዜ ባዶ እንዳይቀር በማሰብ፣ የሰው ልጅ የሌሊትን ብርሃን በፎቶግራፍ መያዝ እንዴት እንደ ተማረ መርምረን ያገኘነውን ከዚህ በታች እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ርችት ከየት መጣ

ርችት የባሩድ ልጅ ነው። ባሩድም የተገኘው በቻይና አገር፣ በ9ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ነው። ከዚያ አስቀድሞ ቻይናውያን የቀርከሃ እንጨት እሳት ውስጥ እየጨመሩ በሚሰጠው የፍንዳታ ድምፅ በዓላቸውን ያደምቁ ነበር። በ1044 ዓመት በዚያው በቻይና በተዘጋጀ የጦር መጽሐፍ ውስጥ የባሩድ አቀማመም ተጽፎ ይገኛል። ባሩድ ከሦስት ነገሮች ይሠራል፤ እነርሱም ጨው ጴጥሮስ፣ ድኝና ከሰል ናቸው። ከጊዜ በኋላ በተለመደው አቀማመም ከመቶው እጅ 75ቱ ጨው ጴጥሮስ፣ 15ቱ ከሰል፣ 10ሩ ድኝ ነው።

ይህ ዕውቀት በ13ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ኤውሮጳ ደረሰ። የዚያም አገር ነገሥታት ድልና ሰላም በሆነ ጊዜ ርችት ማስተኰስ ልማድ አደረጉ። ከእነዚህ በዓላት ስመ ጥር የሆነው በ1749 ዓመት፣ በኤፕሪል 27 ቀን፣ በሎንዶን ከተማ በግሪን ፓርክ የተደረገው ነው። ምክንያቱም ባለፈው ዓመት በኤክስ ላ ሻፔል የተፈረመው የሰላም ውል ነበር። ሙዚቃውን የደረሰው ዝነኛው ሄንደል ነው። ነገር ግን በዚያ ሌሊት ዝናብ ጣለ፤ ለበዓሉ ከተሠራው ታላቅ የእንጨት ሕንፃም አንዱ ክፍል በእሳት ተያያዘ።

በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ ስላልነበረ የበዓሉን መልክ ለሕዝብ የሚያሳዩት በመዳብ ላይ እየተቀረጹ የሚታተሙ ሥዕሎች ነበሩ። እነዚህም ሥዕሎች ብዙውን ጊዜ ከበዓሉ አስቀድሞ ይዘጋጁ ስለ ነበር፣ የታሰበውን እንጂ የሆነውን አያሳዩም። በሥዕል ላይ ርችት ሁልጊዜ ያማረ ነው፤ ዝናብም ሆነ ጢስ የለበትም። እውነተኛው ሌሊት እንዴት እንደ ነበረ ለማወቅ ሌላ መሣሪያ ያስፈልግ ነበር።

የጥንቱ ርችት ነጭና ብርቱካንማ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ፈረንሳዊው ሊቅ ቤርቶሌ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፖታሲየም ክሎሬት የተባለውን ጨው ካገኘ በኋላ፣ በ1830ዎቹ ዓመታት ርችት ሠሪዎች ይህን እየጨመሩ ደማቅ ቀለም ማውጣት ጀመሩ። ስትሮንሺየም ቀዩን፣ ባሪየም አረንጓዴውን፣ ሶዲየም ቢጫውን፣ መዳብ ሰማያዊውን ይሰጣል። በኬሚስትሪ ክፍል በእሳት ነበልባል ላይ ጨው ስንነሰንስ የምናየው ነገር በሰማይ ላይ ከሚታየው ጋራ አንድ ነው።

ፎቶግራፍና ጨለማ

የሚያስደንቀው፣ ርችት ቀለም ባገኘበት በዚያው ዘመን ፎቶግራፍም መወለዱ ነው። ፈረንሳዊው ኒዬፕስ በ1826 ወይም በ1827 ከመስኮቱ የሚታየውን ጣራና ግቢ በሰሌዳ ላይ ለማተም ቢያንስ ስምንት ሰዓት ያህል ፈጅቶበታል። ዳጌር በ1838 ከፓሪስ አውራ ጎዳናዎች አንዱን ባነሣ ጊዜም ደቂቃዎች አስፈልገውታል። በመንገዱ ላይ ሰውና ጋሪ ይተራመስ ነበር፤ ነገር ግን የሚንቀሳቀሰው ሁሉ በሰሌዳው ላይ ሳይቀረጽ ስለ ቀረ መንገዱ ባዶ መስሎ ይታያል። የታየው አንድ ቦታ ቆሞ ጫማውን ሲያስጠርግ የነበረ ሰው ነው።

ከዚህ አንድ ታላቅ ትምህርት እናገኛለን። በቀን ብርሃን የሚንቀሳቀስ ነገር ይጠፋል፤ በጨለማ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጀርባው ጥቁር ስለ ሆነ የሚንቀሳቀስ ብርሃን በሄደበት መንገድ ሁሉ መሥመሩን ትቶ ያልፋል።

በ1840 ድሬፐር የተባለ የኒው ዮርክ ሊቅ ካሜራውን ሃያ ደቂቃ ያህል ከፍቶ ጨረቃን አነሣ። ሰሌዳዎቹ እየፈጠኑ ከሄዱ በኋላም በ1882 ጄኒንግስ የተባለ የፊላደልፊያ ፎቶግራፍ አንሺ መብረቅን በሰሌዳ ላይ ለመያዝ ቻለ። መብረቅ ከታየ በኋላ ካሜራውን ልክፈት የሚል ሰው ሁልጊዜ ይዘገያል፤ ስለዚህ ካሜራውን አስቀድሞ ወደ ጨለማው ሰማይ ከፍቶ መጠበቅ ነው። ለርችትም ያለው ዘዴ ይኸው ነው።

የመምህራችን ስሕተት

ሌሎች ደግሞ ሌሊቱን ከመጠበቅ ይልቅ ሌሊቱን ማብራት መረጡ። በ1887 ሚዬቴና ጌዲኬ የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ማግኔዝየምን ከፖታሲየም ክሎሬት ጋራ ቀላቅለው የፎቶግራፍ መብራት ዱቄት ሠሩ። አንባቢ እንደሚያስተውለው ይህ በእውነቱ ትንሽ ርችት ነው። ጋዜጠኛው ያዕቆብ ሪስ በዚህ ዱቄት የኒው ዮርክን ድኾች የሚኖሩባቸውን ጨለማ ክፍሎች እያነሣ በ1890 መጽሐፍ አወጣ፤ ብዙ ሰውም ስለ ችግራቸው እንዲያስብ አደረገ። ነገር ግን በዚሁ ዱቄት ምክንያት ሁለት ጊዜ ቤት፣ አንድ ጊዜም ራሱን በእሳት እንዳያያዘ ራሱ ጽፏል። በ1929 ገደማ በመስተዋት ውስጥ የታሸገው የፍላሽ አምፑል በጀርመን አገር ሲወጣ ይህ አደጋ ቀረ።

እንግዲህ የመምህራችን ስሕተት ከዚህ ላይ ይገኛል። ፍላሽ ኀይሉ የሚደርሰው ጥቂት ሜትር ብቻ ነው። ከሰማይ ያለው ርችት የራሱ ብርሃን ስላለው ፍላሽ አይጨምርለትም፤ ከፊት የቆሙትን ሰዎች ማጅራት ግን ያነጣል። ደግሞም ካሜራው በፍላሽ ጊዜ ተከፍቶ የሚቆየው ለቅጽበት ስለ ሆነ፣ በዚያች ቅጽበት ርችቱ ካልፈነዳ ሰማዩ ጥቁር ሆኖ ይወጣል።

በችቦ ያደረግነው ሙከራ

ፓሪስን በሌሊት እየዞረ ያነሣው ብራሳይ፣ ካሜራው ተከፍቶ የሚቆይበትን ጊዜ ሲጋራ በሚያልቅበት ጊዜ ይለካ እንደ ነበር ይነገራል። እኛ ግን ለጤናም ለኪስም የሚሻለውን የእጅ ሰዓት መርጠናል።

የርችት ልምምድ ለማድረግ ርችት ስለሌለን የእንቍጣጣሽ ዋዜማ ችቦ ሲበራ ካሜራችንን በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ተከልን። ሕፃናቱ ችቦውን ይዘው በግቢው ውስጥ ሲዞሩ ካሜራውን አራት ሰከንድ ከፈትነው። በወጣው ፎቶግራፍ ላይ ሕፃናቱ አይታዩም፤ ችቦው የሄደበት መንገድ ግን እንደ ወርቅ ክር ተስሎ ይታያል። ዳጌር በቀን ያየው ነገር ተገልብጦ በእኛ ግቢ ታየ።

ሁለተኛ ጊዜ ስምንት ሰከንድ ከፈትነው። ክሩ ረዘመ እንጂ አልደመቀም። ምክንያቱን ለመረዳት ጥቂት ቈየን። የሚሮጥ ብርሃን በፊልሙ አንድ ነጥብ ላይ የሚያርፈው ለቅጽበት ብቻ ነው፤ ካሜራው ከዚያ በኋላ ቢከፈትም ያ ነጥብ ሌላ ብርሃን አያገኝም። ስለዚህ የክሩን ድምቀት የሚወስነው የሌንሱ ቀዳዳ ስፋትና የፊልሙ ፍጥነት ሲሆን፣ ጊዜው የሚወስነው የክሩን ርዝመትና ብዛት ነው። ይህን ያወቀ ሰው የርችት ፎቶግራፍን ምሥጢር አብዛኛውን አውቋል።

ለዚያ ሌሊት የሚሆን ምክር

አንደኛ፤ ፍላሹ ይጥፋ።

ሁለተኛ፤ ካሜራው በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ይቁም። ማቆሚያ የሌለው ሰው በግንብ ወይም በወንበር ላይ ያስደግፈው። በእጅ ሳይነኩ የሚከፍት ገመድ ቢኖር መልካም ነው፤ በቴሌፎን የሚያነሣም ሰው ከሁለት ሰከንድ በኋላ ራሱ እንዲያነሣ ያዘው።

ሦስተኛ፤ ፍጥነቱ አይ.ኤስ.ኦ. 100፣ የሌንሱ ቀዳዳ ከኤፍ 8 እስከ ኤፍ 16 ይሁን። ቀዳዳው ከልክ በላይ ከሰፋ የስትሮንሺየሙም ቀይ፣ የባሪየሙም አረንጓዴ ተቃጥሎ ነጭ ይሆናል። ይህን ያህል ተደክሞበት የተገኘውን ቀለም ማጥፋት አይገባም።

አራተኛ፤ ካሜራው ከሁለት እስከ ስምንት ሰከንድ ይከፈት። ርችቱ ከመሬት ሽቅብ ሲወረወር መክፈት፣ ፍንጣሪው ረግፎ ሲያልቅ መዝጋት ነው። ብዙ ርችት በአንድ ላይ ከተከማቸ መልኩ አይለይም።

አምስተኛ፤ ካሜራው በራሱ ርቀት እንዲፈልግ አይተው፤ በጨለማ ይዋልላልና። ከመጨለሙ በፊት በሩቅ ባለ መብራት ወይም ዛፍ ላይ አስተካክሎ እዚያው ማቆየት ነው።

ስድስተኛ፤ ነፋሱ ከጀርባችን ወደ ርችቱ በሚነፍስበት በኩል እንቁም። ነፋሱ ከርችቱ ወደ እኛ የመጣ እንደ ሆነ ጢሱ ሁሉን ይሸፍነዋል። በማንኛውም መንገድ ጢስ እየበዛ ስለሚሄድ ከሁሉ የጠራው ሰማይ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው፤ «ትልቁን ለመጨረሻ ልጠብቅ» የሚል ሰው ይጸጸታል።

ሰባተኛ፤ በፎቶግራፉ ውስጥ የትምህርት ቤቱ ሕንፃ ወይም ትልቁ ዛፍ ይግባ። ሰማይ ብቻውን የየትኛውም አገር ሰማይ ነው፤ ሕንፃው ግን የእኛ መሆኑን ይመሰክራል።

ስምንተኛ፤ ስለ ፎቶግራፍ ብሎ ወደሚተኮስበት ስፍራ የተከለለውን ገመድ አልፎ የሚቀርብ አይኑር። ርቀቱን ለማወቅ የፈለገ ከብርሃኑ እስከ ድምፁ ያለውን ሰከንድ ይቍጠር፤ ድምፅ በአንድ ሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል።

ስለ ባዶው ገጽ

ይህን ጽሑፍ ልንጨርስ ስንል መምህራችን ከቤታቸው አንድ ፖስታ ይዘውልን መጡ። በውስጡም ያ ያፈሩበት ፎቶግራፍ ነበረ። እንደ ነገሩን ሰማዩ ጥቁር ነው፤ ከፊት የቆመውም ሕዝብ ማጅራቱ ብቻ ይታያል። ከመካከላቸው ግን አንድ ሽማግሌ ፊታቸውን ወደ ካሜራው መልሰዋል። መምህራችን በጣታቸው እያመለከቱ፣ «እኝህ አባባ የበር ጠባቂያችን ነበሩ። ሰው ሁሉ ርችቱን ሲያይ እርሳቸው በሩን ዘወር ብለው ያያሉ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ዐረፉ፤ ትምህርት ቤቱ ሌላ ፎቶግራፋቸው የለውም» አሉን።

በዚህን ጊዜ ሁላችንም ዝም አልን። ከዚያም መምህራችንን አስፈቅደን ፎቶግራፉን በአልበሙ መጨረሻ ገጽ ላይ፣ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ በጠበቁት አራት መያዣዎች ውስጥ አገባነው።

ስለዚህ ከምክሮቻችን ጋራ ዘጠነኛ አንድ እንጨምራለን። በዚያ ሌሊት ከክበባችን አባሎች አንዱ ካሜራውን ወደ ሰማይ ሳይሆን ወደ ሕዝቡ አዙሮ፣ ፍላሹን አጥፍቶ፣ በርችቱ ብርሃን የደመቀውን ፊት እንዲያነሣ ወስነናል። ወላጆችም፣ መምህራንም፣ ተማሪዎችም ያነሣችሁትን አትማችሁ በጀርባው ቀኑንና የሰዎቹን ስም ጻፉበትና ወደ ቤተ መጻሕፍቱ አምጡልን። ጥቁርም ቢሆን፣ የተዋለለም ቢሆን አትጣሉት። ቀጣዩን በዓል የሚያከብሩት ተማሪዎች ከእርሱ ምን እንደሚፈልጉበት ዛሬ አናውቅም።