ግቤ ያሳደገው መሐንዲስ

ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት በሆሳዕና፣ በዱራሜና በአንጋጫ ዙሪያ ባሉ የገጠር ቤቶች ደጃፍ ላይ ፀሐይ እንዲመታቸው የተደረደሩ ባትሪ ድንጋዮች ማየት የተለመደ ነበር። የደከመ ድንጋይ ሲሞቅ ትንሽ ይነቃል፤ ቴፑም የካሴቱን አንድ ገጽ ያህል መዝሙር ወይም ዘፈን ያሰማል። ከዚያ ድምፁ ይጎተታል፣ ይወፍራል፣ ጸጥ ይላል። መብራት የሌለው ቤት ሙዚቃውን እንኳ የሚሰፍረው በድንጋይ ነበር።

ያን ዘመን ለመለወጥ ዕድሜያቸውን ከሰጡት አንዱ ኢንጂነር ስመኘው በቀለ ናቸው። ስማቸው ሲነሣ ሁላችንም የምናስበው ጉባንና የኅዳሴውን ግድብ ነው። እኔ ግን ዛሬ ወደ ሆሳዕና ጎረቤት፣ ወደ ግቤ ልመልሳችሁ እወዳለሁ። ስመኘውን ለዓባይ ያበቃቸው ግቤ ነውና።

በ1957 ዓ.ም. ጎንደር፣ ማክሰኚት ተወለዱ። በወጣትነታቸው መብራት ኃይል ገብተው፣ በኋላ የግልገል ግቤ አንድና ሁለት ፕሮጀክቶች ሥራ አስኪያጅ ሆኑ።

ከሆሳዕና ወደ ምዕራብ ሲጓዙ ደጋው ያልቃል፣ እንሰቱ ይሳሳል፣ መንገዱም የሀዲያ ዞን ወሰን ወደሆነው ወደ ግቤ ወንዝ ቆላ ይወርዳል። ግልገል ግቤ ሁለት የተሠራው በዚህ ሸለቆ ነው። ለዚህ ጣቢያ አዲስ ትልቅ ግድብ አላስፈለገም። ግቤ አንድ ላይ ተርባይን አዙሮ የወጣው ውኃ በፎፋ ተራራ ሥር 26 ኪሎ ሜትር ዋሻ አቋርጦ፣ 500 ሜትር ያህል ቁልቁል ተወርውሮ እንደገና ይሠራል። አንድ ውኃ፣ ሁለት ጊዜ መብራት፤ የሁለተኛው ጣቢያ አቅምም 420 ሜጋ ዋት ነው።

ተራራው ግን በቀላሉ እጅ አልሰጠም። ዋሻውን ከሁለቱም ጫፍ ሁለት ማሽኖች ሲቆፍሩ፣ በ1999 ዓ.ም. በከፍተኛ ግፊት የመጣ ጭቃ አንዱን ማሽን ገፍቶ ቀበረው፤ ሥራው ለረጅም ጊዜ ተስተጓጎለ። ጣቢያው ጥር 2002 ዓ.ም. ተመርቆ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው የዋሻው አንድ ክፍል ተደረመሰ። ተጠግኖ ወደ ሥራ የተመለሰው ታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. ነበር። ከሦስት ወር በኋላ፣ መጋቢት 24፣ የኅዳሴው ግድብ የመሠረት ድንጋይ ተጣለ፤ ስመኘውም በሥራ አስኪያጅነት ወደ ጉባ ሄዱ። ይዘውት የሄዱት ትልቁ ስንቅ ግቤ ያስተማራቸው ትዕግሥት ይመስለኛል።

ባለትዳርና የልጆች አባት ነበሩ። የግድብ ሰው ኑሮው በረሃ ነው፤ የመሐንዲሱ ቤተሰብም የአገሩን ሥራ በናፍቆት ይከፍላል። ሐምሌ 19 ቀን 2010 ዓ.ም. ማለዳ መስቀል አደባባይ፣ መኪናቸው ውስጥ ሞተው ሲገኙ አገር አለቀሰ። ፖሊስ ከምርመራ በኋላ ራሳቸውን እንዳጠፉ አስታወቀ። ሐምሌ 22 ቀን በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ እርሳቸው አልነበሩም።

ዛሬ ሆሳዕና ከተማ ውስጥ ዘፈን ለመስማት ድንጋይ ፀሐይ ላይ የሚያሰጣ የለም። ምሰሶው በደጁ አልፎ ቤቱ ጨለማ የሆነ የገጠር ሰው ግን አሁንም አለ። የስመኘው ሐውልት መቆም ያለበት እዚያ ነው፤ ከምሰሶው እስከዚያ ቤት ባለችው አጭር ሽቦ ላይ።